ሰው በዕቃ ሲለወጥ

በዛሬው ጽሑፌ ወደ አንዲት የጀርመን ከተማ ወስጄአችሁ፣ ለአንድ መስፍን ስለ ተሠራ የሻይና የማዕድ ዕቃ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ነገር ግን ጉዞው የጀመረው ከእኔው ቤት ቡፌ ስለ ሆነ በቅድሚያ ከእርሱ ልነሳ።

ከሃያ ዓመት በፊት ስንጋባ አክስቴ አንድ ሙሉ የሻይ ዕቃ ሰጠችኝ፤ ስድስት ሲኒ ከነማስቀመጫው፣ የስኳርና የወተት ዕቃ፣ እንዲሁም አፉ እንደ ወፍ አንገት የቀጠነ በራድ። ዳር ዳሩ ወርቅ ቅብ ነው። አክስቴ «የጀርመን ነው፤ የመሳፍንት ቤት ዕቃ ነው» ብላኝ ስለ ነበር ለትልልቅ እንግዶች ካልሆነ በቀር ከቡፌው አላወርደውም ነበር። የአገልጋይ ቤት እንግዳ አያጣም፤ እኔ ግን እንግዳ እየመረጥሁ አንዳንዱን በብርጭቆ፣ አንዳንዱን በዚያ ሲኒ አስተናግድ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የባለቤቴ የእህት ልጅ ኮሌጅ ልትማር ከገጠር መጥታ እኛ ዘንድ ተቀመጠች። ትሑትና ሥራ ወዳድ ልጅ ናት። አንድ እሁድ እንግዶች ሸኝተን ስንመለስ፣ ማንም ሳያዛት ዕቃውን ልታጥብ ገብታ በራዱ ከእጇ አመለጣት። ድምፁን ሰምቼ ወደ ማድ ቤት ስሮጥ ተንበርክካ ስብርባሪውን በቀሚሷ ትሰበስባለች። ጣቷ ደምቷል። «እትዬ ይቅርታ፣ እትዬ ይቅርታ» ትላለች። እኔ ጣቷን አላየሁም፤ ያየሁት በራዱን ነው። «ድሮስ የቆርቆሮ ኩባያ የለመደ እጅ!» አልኋት።

ልጅቱ አንድ ቃል አልመለሰችም። ያን ሌሊት ባለቤቴ «በራዱን ሙጫ ይይዘው ይሆናል፤ ልጅቷን ግን በምን ታጣብቂያታለሽ?» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ወር ሳይሞላ «ለትምህርት ቤት ይቀርበኛል» ብላ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ወጣች። እኔም ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ዝም አልሁ።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር በርሊን ያሉ የሀገራችን ምዕመናን ለቤተሰብ ጉባኤ ጋብዘውን ሄድን። ጉባኤው ካበቃ በኋላ ሁለት ቀን ተረፈን። ያስተናገደችን እህት የቤቷን ሲኒ እያገላበጥሁ ስመለከት አይታኝ ኖሮ «እንዲህ ያለውን ከወደድሽ ድሬስደን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ማይሰን ደግሞ ከዚያ ትቀርባለች» አለችኝ። ባለቤቴ ሳቀና «ከሻይ ዕቃ ሸሽተን መጥተን ወደ ሻይ ዕቃ ልንሄድ ነው?» አለ። ሄድን።

ድሬስደን በኤልበ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ የጥንቱ የሳክሶኒ ግዛት መዲና ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 በቦምብ ነድዳ፣ ትልቁ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኗ ፍራወንኪርኸ ፈራርሶ ነበር። በ2005 እንደ ገና ተሠርቶ ሲመረቅ ከእሳት የተረፉት ጥቋቁር ድንጋዮች ከአዲሶቹ መካከል ገብተዋል፤ ከሩቅ ሲታይ ግድግዳው ዥጉርጉር ነው። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ስቪንገር የተባለው ቤተ መንግሥት አለ። የፖርሴሊን ሙዚየሙ ያለው በዚያ ውስጥ ነው።

ፖርሴሊን የምንለው ነጩን፣ ስሱንና ጣት ሲነካው እንደ ደወል የሚጮኸውን ሸክላ ነው። ይህን ጥበብ ቻይናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ብቻቸውን ይዘውት ኖረዋል። የእኛም «ሲኒ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ቡናችንን ስንቀዳ ሳናውቀው የቻይናን ስም እንጠራለን ማለት ነው። የአውሮፓ ነገሥታትም ይህን ዕቃ እንደ ወርቅ ይመኙት ነበር። ከሁሉም ይልቅ ያበደለት የሳክሶኒ ገዢና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ብርቱው አውጉስት ነው። ፍቅሩን እርሱ ራሱ በሽታ ይለው ነበር።

በሙዚየሙ ውስጥ ቁመታቸው አንድ ሜትር ያህል የሆነ፣ በሰማያዊ ቀለም የተሳሉ፣ ክዳን ያላቸው የቻይና ጋኖች ቆመዋል። «የፈረሰኞቹ ጋኖች» ይባላሉ። የስማቸው ምክንያት ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1717 አውጉስት 600 ፈረሰኛ ወታደሮቹን ለፕሩሺያው ንጉሥ ለፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሰጠና በምትኩ ከዚያ ንጉሥ ቤተ መንግሥቶች 151 የፖርሴሊን ዕቃ ተቀበለ። ወታደሮቹ የሄዱት ያለ ፈረስና ያለ መሣሪያ ነው። በፕሩሺያም ክፍለ ጦራቸው «የፖርሴሊን ክፍለ ጦር» እየተባለ ተጠራ።

ባለቤቴ ሒሳብ ይወዳል። ጥቂት ቆሞ አሰላሰለና «ለአንድ ዕቃ አራት ሰው» አለ። እንደ ቀልድ ጀምሮት እንደ ቀልድ አልጨረሰውም። እያንዳንዱ ወታደር እናት ነበረው፤ ምናልባትም ሚስትና ልጆች። ያች እናት ልጄ የት ነው ብላ ብትጠይቅ የሚሰጣት መልስ «በጋን ተለውጧል» የሚል ነው። እኔ ግን በሆዴ ሌላ ሒሳብ ጀምሬ ነበር፦ በዚያ ሚዛን አንዲት የእህት ልጅ በስንት በራድ ትመነዘራለች?

በማግሥቱ ወደ ማይሰን ሄድን። ባቡሩ የኤልበን ወንዝ ተከትሎ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከሩቅ አለት ላይ ካቴድራሉና አልብረኽትስቡርግ የተባለው ግንብ ጎን ለጎን ይታያሉ። ዳገቱ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ስለ ሆነ ትንፋሽ ይቆርጣል፤ ሦስት ጊዜ ዐረፍን።

የአውሮፓ ፖርሴሊን ምስጢር የተገኘው በእስረኛ እጅ ነው። ዮሐን ፍሪድሪኽ ቦትገር በርሊን ውስጥ የመድኃኒት ቀማሚ ተለማማጅ ነበር። ወርቅ መሥራት እችላለሁ ብሎ አወራ፤ ወሬው ከነገሥታት ጆሮ ደረሰ። የፕሩሺያ ንጉሥ ሊይዘው ሲል እ.ኤ.አ. በ1701 ወደ ሳክሶኒ ሸሸ፤ በዚያም አውጉስት ያዘው። ያን ጊዜ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወርቅ እንዲሠራ ተዘጋበት። በ1703 አምልጦ ነበር፤ ኦስትሪያ ውስጥ ተይዞ ተመለሰ። ወርቁ እንደማይመጣ ሲታወቅ ቺርንሃውስ የተባለ ሊቅ ወደ ሸክላ ሥራ መራው፤ አፈር እየለዋወጡ፣ ምድጃውን እያጋሉ ብዙ ደከሙ። በ1708 ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር እውነተኛውን ፖርሴሊን አገኙ። በ1710 ፋብሪካው ተቋቁሞ ያን ዓመት ወደ አልብረኽትስቡርግ ገባ፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ በአለት ላይ ካለ ግንብ የተሻለ ቦታ አልተገኘም። ከ150 ዓመት በላይም በዚያ ቆየ።

ቦትገር ነጻ የተለቀቀው በ1714 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ37 ዓመቱ ሞተ። ጭስና እሳት፣ መጠጥና እስር ጨርሰውት ነበር። ንጉሡ ሙያውን ወደደለት፤ ሰውየውን ግን ቆለፈበት። እኛስ? በሀገራችን እንስራውንና ምጣዱን፣ ጀበናውንም የሚሠሩልንን እናቶች ቡዳ እያልን፣ በጀበናቸው ቡና እየጠጣን፣ በማዕዳችን ግን ሳናስቀምጣቸው ኖረናል። ሠሪውን አርቆ ዕቃውን ማቅረብ የነገሥታት ብቻ ኃጢአት አይደለም።

ከግንቡ ወርደን አሁን ወዳለው ፋብሪካ ሄድን። እዚያ ጎብኚ እያየ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። አንዱ ጭቃውን በሚሽከረከር መደብ ላይ ያቆማል፣ ሌላዋ ትንንሽ አካላትን በቢላ ቀርጻ በጭቃ ውኃ ታጣብቃለች፣ ሌላዋ ደግሞ በቀጭን ብሩሽ አበባ ትስላለች። ዕቃው መጀመሪያ በ950 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ መስታወት መሳዩን ቅብ ከተቀባ በኋላ በ1400 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። ከእሳቱ ሲወጣ ከነበረበት አንድ ስድስተኛ ያህል አንሶ ነው። በሥሩም ሁለት የተጣመሩ ሰማያዊ ሰይፎች በእጅ ይሳሉበታል፤ ይህ ምልክት ከ1720ዎቹ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። አስጎብኚዋ እንደ ነገረችን የጥንቶቹ የማይሰን የሻይ ሲኒዎች እንደ ቻይናዎቹ እጀታ አልነበራቸውም። በመዳፏ አንዱን አንስታ ስታሳየን እኔና ባለቤቴ ተያየን፤ ቁርጥ የእኛን የቡና ሲኒ! የሳክሶኒ ሰዎች ቡና ወዳድ ናቸው አሉ። ቡናው እጅግ ከቀጠነ «የትንሿ አበባ ቡና» ይሉታል፤ ከሲኒው ሥር የተሳለችው አበባ በቡናው ውስጥ አልፋ ትታያለችና። እኛ በረካ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ገብተን ያን የመስፍን ዕቃ አየሁት። «የይብራ ዕቃ» ልንለው እንችላለን፤ ይብራ ነጩ፣ አንገተ ረጅሙ የውኃ ወፍ ነው። ሳህኖቹ፣ ሲኒዎቹና በራዶቹ እንደ ባሕር ዛጎል የተሸነሸኑ ናቸው። ጠጋ ብለው ሲያዩ ነጭ በነጭ ላይ ጎላ ብለው የተቀረጹ ጥንድ ይብራዎች፣ ከሸምበቆ መካከልም ሽመላ ይታያሉ። ብርሃኑ ከጎን ካልመጣ አይታዩም። ዳሩ ወርቅ ነው።

ያሠራው ግራፍ ሃይንሪኽ ፎን ብሩል ነው፤ ግራፍ የመሳፍንት ማዕረግ ነው። የአውጉስትና ከእርሱ በኋላ የነገሠው ልጁ ባለ ሟል ነበር፤ የማይሰን ፋብሪካም በእርሱ ሥልጣን ሥር ነበር። በ1734 ፎን ኮሎቭራት ከሚባል ታላቅ ቤት ሚስት አገባ። የሁለቱ ቤተሰብ አርማ ጎን ለጎን በዕቃው ላይ ተስሏል። ቀራጩ ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር የአገልጋይ ልጅ ነው፤ ከረዳቶቹ ጋር ከ1737 እስከ 1742 ደከመበት። የዛጎሉን ቅርጽ ለማግኘት በድሬስደን የተፈጥሮ ስብስብ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ ዛጎል እንደ ሳለ ይነገራል። ሲጠናቀቅ ለመቶ ሰው ማዕድ የሚበቃ፣ ከ2,200 በላይ ዕቃ ሆነ።

እኔ በስድስት ሲኒ ልቤ ከታበየ እርሱ በዚያ ሁሉ ምን ያህል ታብዮ ይሆን? ብሩል ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ወጪው በዛ፣ ዕዳው ከበደ፣ ሠራዊቱ ግን ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1756 የፕሩሺያው ፍሪድሪኽ በሳክሶኒ ላይ ሲዘምት የሳክሶኒ ጦር ፒርና በተባለ ቦታ ተከብቦ እጁን ሰጠ። 18,000 የሚያህሉት ወታደሮችም በግድ በፕሩሺያ ጦር ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ 600 በጋን ተለወጡ፤ እነዚህ ግን ጋን እንኳ አልተከፈለባቸውም። በ1758 የብሩል ግንብ በፍሪድሪኽ ትእዛዝ ተቃጠለ። ራሱ ብሩል በ1763 ሞተ።

ዕቃው ግን ተረፈ። የብሩል ዘሮች ፕፎርተን በተባለው ግንባቸው ብዙውን ክፍል እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ይዘውት ቆዩ። በ1945 ጦርነቱ በዚያ ሲያልፍ አብዛኛው ተሰባበረ፣ ተዘረፈ፣ ተበተነ። ቦታው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነው፣ ብሮዲ ይባላል። ከግንቡ ዙሪያ አፈር ውስጥ ዛጎል የተቀረጸበት ስብርባሪ ተገኝቷል። አፈሩ ከአፈር ወጥቶ ወደ አፈር ተመለሰ። ከጥፋት የተረፈው በየሙዚየሙ ተበታትኖ ይገኛል፤ ፋብሪካውም በጥንቱ ቅርጽ ዛሬም ይሠራዋል።

ከመሄዳችን በፊት አንድ ቦታ ቀረን፤ የቅዱስ ኒኮላስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። ጥንታዊት ናት፤ በ1920ዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት የማይሰን ልጆች መታሰቢያ ተደርጋለች። እዚያም ሁሉ ነገር ፖርሴሊን ነው፤ ሲኒ ግን የለም። ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የሆኑ፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚያለቅሱ እናቶች ምስል ቆሟል። በግድግዳው ላይ በፖርሴሊን ሰሌዳ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። ያ ከተማ ያለውን ውድ ነገር፣ ነገሥታት ሰው የሸጡበትን ያን ሸክላ፣ ለልጆቹ ስም ማቆያ አዋለው። ስሞቹን ጮክ ብዬ ላነብ ሞከርሁ። ጀርመንኛ አላውቅምና ብዙውን ሳልጠራው አለፍሁ። ብቻ እያንዳንዱ የአንዲት እናት ልጅ መሆኑ ገባኝ።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ባለቤቴ ምን ሆንሽ አላለኝም። ስልኩን አውጥቶ የልጅቱን ቁጥር አሳየኝ። ደወልሁ፤ አልተነሣም። ማታም ደወልሁ፤ አልተነሣም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት የወረደበትን ምዕራፍ አጥንቼ ፈተና ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስም መዝገባችንን በሸክላ ዕቃ እንደያዝን የጻፈውን ስንት ጊዜ ለሴቶች አስተምሬአለሁ! ሸክላው ሰው ነው። በጌታ ዓይን የከበረው፣ ሲሰበርም የሚያሳዝነው ዕቃ ከማድ ቤቴ ወለል ላይ ተንበርክካ ጣቷ ይደማ ነበር፤ እኔ ግን በራዱን አለቅስ ነበር።

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ቀን ወደ ተከራየችው ቤት ሄድሁ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ስታየኝ ደነገጠች፤ «እትዬ፣ ደኅና ናችሁ? አጎቴ ደኅና ነው?» አለች። «ደኅና ነን። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ያልሁሽ ቃል ክፉ ነው፤ ያንቺ ጥፋት አልነበረም፤ የእኔ ነው» አልኋት። ቀና ብላ አላየችኝም። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እትዬ፣ እኔ እኮ በራዱን እንድትረሺው ስጸልይ ነበር» አለች። ከዚያ ሻይ አፈላች። የቀዳችልኝ በቆርቆሮ ኩባያ ነው። ሆን ብላ ይሁን ያላት እርሱ ብቻ ሆኖ፣ አልጠየቅኋትም። እጄን እያቃጠለኝ ጠጣሁት።

ወደ እኛ ቤት ተመልሳ አልገባችም። ቃል እንደ ፖርሴሊን ነው፤ ቢጠግኑትም መስመሩ ይታያል። ግን እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ትመጣለች፤ አብረን እንበላለን። የቡፌው ቁልፍ አሁን በላዩ ላይ ነው። አምስቱንም ሲኒ ማንም ይጠጣበታል፤ የሰፈር ልጆች፣ ዘበኛችን፣ እንጀራ የምትጋግርልን እናት። ስድስተኛውስ ትሉኝ ይሆናል። ከሁለት ወር በፊት ተሰበረ፤ የሰበረው ባለቤቴ ነው። እያገላበጥሁ ሥሩን አየሁት፤ ሁለት ሰይፍ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሁለታችንም ሳቅን።

የተወደዳችሁ ባለ ትዳሮች፣ እስቲ ዛሬ ማታ ቡፌአችሁን ከፍታችሁ ተነጋገሩ። ምናልባት የእናንተ ሲኒ ሳይሆን መኪና፣ ምንጣፍ ወይም ስልክ ይሆናል። ስለ እርሱ ብለን ያስቀየምነው ማን ነው? የትኛዋ ሠራተኛ፣ የትኛው ልጅ፣ የትኛው ዘመድ? ካለ፣ ነገ ሳይመሽ ሂዱ። የሚቀዱላችሁንም ጠጡ።

ጌታ ሰውን በሚያይበት ዓይን እንድናይ ይርዳን። አሜን።